ያረጀ ስፖርት መኪና ለመንዳት እንጂ ለማስቀመጥ አይገዛም

ቀይዋን ማዝዳ ሚያታዬን ያየ የአገሬ ሰው ሁሉ ሰላምታው ሳያልቅ «ብትሸጫት ስንት ታወጣለች?» ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ግቢም ይሁን የገበያ መኪና ማቆሚያ፣ ይህ ጥያቄ አይቀርም። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያደግነው መኪና ንብረት በሆነበት አገር ነው፤ ቤትና መሬት መግዛት ያልቻለ ሰው ኮሮላ ገዝቶ ደጁ ላይ ያቆማል። ያረጀ ስፖርት መኪናን በዚያ ዓይን ማየት ግን ገንዘብም ደስታም ያሳጣል ብዬ አምናለሁ።

ሒሳብ ሥራዬ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ የምውለው የዕቃ የእርጅና ቅናሽ ስመዘግብ ነው። ኮምፒውተሩም፣ የጭነት መኪናውም፣ የጸሐፊዋ ወንበርም በየዓመቱ ስንት እንደቀነሰ በእጄ ያልፋል። ስለዚህ ዋጋን አቃልዬ አላይም፤ ይልቁንም በትክክል ይሰላ ባይ ነኝ።

ከአዲስ አበባ ልነሣ፤ ይህን አስተሳሰብ ይዘን የመጣነው ከዚያ ነውና። ጋሼ የምላቸው የእናቴ ታላቅ ወንድም ኮሮላቸውን ለዓመታት ነድተው በቅርቡ ሲሸጧት ከገዙበት ብር ብዙ እጥፍ አገኙ። «መኪና አያከስርም» ይላሉ። እኔ በአክብሮት አልስማማም። ኮሮላዋ እንደማንኛውም መኪና አርጅታለች፤ ዋጋዋን ደግፎ ያቆመላት ሌላ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የሚገባው ሲጠፋ ያለው ይወደዳል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጋሼ የገዙበትንና የሸጡበትን ብር በየጊዜው ምንዛሪ ወደ ዶላር ቀይሬ ሳሰላው ትርፍ የተባለው የለም። የወረደው ብሩ ነው።

እዚህ አሜሪካ ነገሩ ይለያል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከዚያም በየዓመቱ እየወረደ፣ በመጨረሻ ተፈጭቶ ለብረት እስኪሸጥ ድረስ ይቀጥላል። የአብዛኞቹ መኪኖች ዕጣ ይኸው ነው። ጥቂቶች ግን አንድ ደረጃ ላይ ሲደርሱ መውረዳቸው ይቆማል፤ ከእነዚያም ጥቂቶቹ መልሰው መውጣት ይጀምራሉ።

የሚወጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። በልጅነቱ የመኪናውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ያደገ ሰው አርባ አምስት ዓመት ሲሞላው ገንዘብ ይኖረዋል፤ የሚያምረውም ያው መኪና ነው። ሕግም የራሱን ያደርጋል። ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ካልሞላው በስተቀር በቀላሉ እንዲገባ አይፈቀድም። ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር አር34 መሸጥ የጀመረው በ1999 ነው፤ እዚህ አገር በሕግ መግባት እስኪችል 2024ን ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ ዋጋውም አብሮ ሲያድግ ኖረ። ፊልምም አለ። ፖል ዎከር በ«ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» የነዳት ብርቱካንማ ቶዮታ ሱፕራ በ2021 በጨረታ 550 ሺህ ዶላር ተሸጣለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርቅነት አለ። ከ1962 ጀምሮ የተሠራው ፌራሪ 250 ጂቲኦ በጠቅላላው 36 ብቻ ነው፤ አንዱ በ2018 በ48 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

እንዲህ ያለው ወሬ ነው ሰውን የሚያሳስተው። «ያረጀ ስፖርት መኪና ይወጣል» የሚል አባባል ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፤ ያልወጡትን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መኪኖች ግን የሚያነሣ የለም። የወጡትም ቢሆኑ ይወርዳሉ። ኤንዞ ፌራሪ በነሐሴ 1988 ካረፉ በኋላ የፌራሪ ዋጋ ከልክ በላይ ዘለለ፤ ሳይነዱት አትርፈው ለመሸጥ ብቻ የገዙ ብዙዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያው ሲወድቅ እነዚያ ሰዎች ትርፉንም መንዳቱንም አጡ።

የእኔን መኪና ደግሞ እዩ። ማዝዳ ሚያታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበችው በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። መነሻ ዋጋዋ 13,800 ዶላር ነበር፤ ያ ገንዘብ በዛሬው ዶላር ሲተመን ከ35 ሺህ በላይ ይሆናል። ዛሬ በእኛ አካባቢ በደንብ የተያዘች የያኔዋ ሚያታ ስትሸጥ የማየው 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ስለዚህ ያኔ አዲስ ገዝቶ እስከ ዛሬ ያቆያት ሰው፣ ዋጋዋ ወጣ እየተባለም፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አጥቷል። አንድ ሚሊዮንኛዋ ሚያታ በሚያዝያ 2016 ጃፓን ውስጥ ተሠርታለች። በሚሊዮን የተሠራ መኪና የፌራሪ ዕጣ አይደርሰውም፤ እኔም እንዲደርሰው አልመኝም። ሌላው ሰው ኪሳራውን ከፍሎ በጨረሰበት ሰዓት በ5 ሺህ ዶላር የገዛኋት መንዳት ስለምወድ ነው።

ስገዛት ዋጋዋን ሳይሆን አካሏን ነበር የመረመርኩት። የ1992 ስሪት ናት። ኮፈኗን ከፍቼ በባትሪ መብራት ያየሁት የመጀመሪያ ነገር ከሞተሩ ፊት ያለውን ፑሊ ነው። በ1990ና በ1991 መጀመሪያ የተሠሩት ሚያታዎች ክራንክ ሻፍታቸው ጫፉ አጭር ነው፤ ብሎኑ በደንብ ሳይጠብቅ ከተሠራበት ጫፉ ይበላና ሞተሩ ይበላሻል። መለያው ፑሊው ላይ ያሉት ክፍተቶች ናቸው፤ አራት ከሆኑ የአጭሩ፣ ስምንት ከሆኑ የተሻሻለው ነው። የእኔዋ ስምንት አላት። ቀጥሎ በሮቹ ሥር ያለውን ብረት በጣቴ እየተጫንኩ ሄድኩ። ከወንበሮቹ ጀርባ በግራና በቀኝ የዝናብ ውኃ የሚወርድባቸው ቱቦዎች አሉ፤ ቅጠል ሲደፍናቸው ውኃው ወደዚያ ብረት ይገባና ከውስጥ ያዝገዋል፤ ቀለሙ ላይ እስኪታይ ድረስ ብረቱ አልቋል። የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ ነው፤ ጣሪያውን ከማጠፍ በፊት ዚፑን ከፍቶ ማስተኛት ያስፈልጋል፤ በብርድ ከታጠፈ ይሰነጠቃል። እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚያውቅ ገዢ፣ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ከሚቆጥር ገዢ ይልቅ ገንዘቡን ያድናል።

ደስታዋ ምን ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ። ከፍሮንት ሮያል ተነሥቶ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራራ አናት ላይ 105 ማይል የሚጓዝ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል መንገድ አለ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው። አምስት መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው አዲስ መኪና እዚያ መንገድ ላይ ምንም አይሠራም፤ ጉልበቱን የሚያሳይበት ቦታ የለውም። የእኔዋ 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ አላት፤ ክብደቷም አንድ ቶን ያህል ነው። ስለዚህ በ35 ማይል ሁሉም ነገር ይሰማል። ማርሽ መቀየሪያው አጭር ነው፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ የሚገባው በእጅ አንጓ ነው። መሪው የአስፋልቱን እያንዳንዱን ሸካራነት ያወራል። ኩርባው ከመድረሱ በፊት ፍሬን ይዤ፣ ማርሽ ቀንሼ፣ ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ስገባ መኪናዋ የምታደርገውን አውቃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ቁጥር ሲደምር ለከረመ ሰው ይህ ዕረፍት ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ ስትመጣ ወሰድኳት። መጀመሪያ ጣሪያ የሌለው መኪና ላይ አልቀመጥም ብላ ነበር። ነጠላዋን አገጯ ሥር ቋጥራ ተቀመጠች፤ የተራራው አናት ላይ ስንደርስ እጇን ወደ ውጭ ዘርግታ ንፋሱን ትዳብስ ጀመር። ስንወርድ የጠየቀችኝ ዋጋዋን ሳይሆን መቼ ተመልሰን እንደምንመጣ ነው።

አሁን ሒሳቡ። የገዛሁበትን፣ የቺንጋውን፣ የራዲያተሩን፣ የአዲሱን የጨርቅ ጣሪያ፣ የጎማውን፣ የዘይቱንና የኢንሹራንሱን ደምሬ፣ ዛሬ ብሸጣት የማገኘውን ስቀንስ፣ በዓመት 700 ዶላር ያህል አውጥቼባታለሁ። በወር 60 ዶላር አይሞላም። ቤተሰብ ይዞ አንድ ቅዳሜ ማታ ክትፎ ቤት መግባት ከዚህ ይበልጣል። በሙያዬ ይህን ትርፍ ብዬ አልመዘግብም፤ ወጪ ነው፤ ግን ስጸጸትበት የማልውል ወጪ ነው።

«ይህን ገንዘብ አገር ቤት ብትልኪውስ?» የሚሉኝ አሉ። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ችላ አልለውም። የምልከውን እልካለሁ፤ የእናቴ መድኃኒትና የእህቴ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ከማንኛውም ነገር ይቀድማል። ነገር ግን እዚህ አገር ሁለት ሥራ እየሠሩ ለራሳቸው አንድ ደስታ ሳይፈቅዱ ጡረታ የወጡ፣ ወይም ጡረታቸውን ሳያዩ ያለፉ የኛ ሰዎች አውቃለሁ። የሰው ልጅ የላቡን ዋጋ ጥቂት በራሱ ደስታ ላይ ቢያውል ቤተሰቡን መበደል አይደለም።

ከልቤ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። የማውቀው አንድ ሰው ሆንዳ ኤስ2000 አለው፤ ከ1999 እስከ 2009 ከተሠሩት አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስሪቶች ሞተር በደቂቃ እስከ 9 ሺህ ዙር ይወጣል፤ የመኪናው ነፍስ እዚያ ላይ ነው። ገበያው ጥቂት ማይል ለሄደ መኪና አብልጦ ስለሚከፍል፣ ይህ ሰው መኪናውን ሸፍኖ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጦታል። ወደ 9 ሺህ አድርሶት አያውቅም። ቆሞ የሚከርም መኪና ደግሞ አይጠበቅም፤ ይሞታል። ነዳጁ ይበላሻል፣ የፍሬን ዲስኩ ይዝጋል፣ ጎሚኒዎቹ ደርቀው ዘይት ማንጠብጠብ ይጀምራሉ። የጎማዎቹን ጎን አየሁለት፤ እዚያ የሚታተሙት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ክራቸው ምንም አልተነካም፤ ዕድሜያቸው ግን ካለፈ ቆይቷል። ያ ሰው የሚጠብቀው ለሚቀጥለው ገዢ ነው፤ የሚቀጥለውም ገዢ ምናልባት ሸፍኖ ያስቀምጠዋል።

ለመግዛት ለምታስቡ ጥቂት ልበል። በብድር አትግዙ፤ ወለዱ ደስታውን ይበላዋል። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ሰዎች ሁለት ወንበር ብቻ ያላትን መኪና ብቸኛ መኪናችሁ አታድርጉ። የእኔዋ ኤርባግ ያላት በሾፌሩ በኩል ብቻ ነው፤ የጊዜዋ ሥራ እንደሆነ አውቄ በጥንቃቄ ነው የምነዳት፤ ለሥራ ካምሪ አለኝ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ 25 ዓመት ለሞላው መኪና የአንቲክ ታርጋ ማውጣት እንደምትችሉ እወቁ። ዓመታዊ ምርመራው ይቀርላችኋል፤ ሥራ መመላለሻ ማድረግ ግን አይፈቀድም። ኢንሹራንሱንም አስቀድሞ በተስማማችሁበት ዋጋ የሚከፍል ዓይነት አድርጉት፤ አለበለዚያ አደጋ ቢደርስ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና ተምነው ጥቂት ሺህ ይሰጧችኋል።

መኪናችሁን ጋራዥ ውስጥ ሸፍናችሁ ያስቀመጣችሁ ሰዎች ሆይ፣ የዚህን ቅዳሜ ጠዋት ስጧት። ሽፋኑን አንሡ፣ ባትሪውን ቻርጅ አድርጉ፣ አሮጌውን ነዳጅ አስወጡ፣ የጎማውን ዓመት አንብቡ፣ ፍሬኑን ለመካኒክ አሳዩ፤ ከዚያ ንዷት። ለመንዳት ጊዜውም ፍላጎቱም ከሌላችሁ ደግሞ ዋጋዋ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ለሚነዳት ሰው ዛሬ በሚሰጣችሁ ዋጋ ሽጧት።