«አይመለስም» ለምትሉን ሻጮች፦ እኛም ሳንሰካ አንገዛም

በዚህ ከተማ ያገለገለ ስቴሪዮ የሚሸጥባቸውን ማስታወቂያዎች አንብቡ። አራት ነገሮች አይጠፉም፦ «ኦሪጅናል»፣ «አንቲክ»፣ «ፊክስ ዋጋ» እና «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። አንድ መስመር ግን ፈልጋችሁ አታገኙም፦ «ኑና ሰክታችሁ ስሙት»። ዛሬ የምከራከረው ስለዚህ ስለጎደለው መስመር ነው። ክርክሬን የማቀርበውም በአንዲት ትንሽ ሣጥን፣ በፕሪአምፕሊፋየር ምሳሌነት ነው።

«ኑሮው እንዲህ በናረበት ጊዜ ስለ ፕሪአምፕሊፋየር ታወራለህ?» የሚል አይጠፋም። የማወራው እኮ ኑሮው ስለናረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከውጭ የሚገባ አዲስ የሙዚቃ ዕቃ ከደመወዝተኛው እጅ ራቀ። ስለዚህ ጉለሌ ውስጥ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ያለ መምህር፣ ነርስ ወይም ጡረተኛ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ በወጉ ልስማ ካለ የሚገዛው ያገለገለ ነው። ያገለገለ ዕቃ ገበያ የቅንጦተኛ ገበያ አይደለም፤ የእኛ ገበያ ነው። ፍሪጁም፣ ስልኩም፣ የልብስ ስፌት መኪናውም የሚሸጥልን በዚያው በ«አይመለስም» ደንብ ነው። ፕሪአምፕሊፋየርን የመረጥኩት ደንቡ ገዢውን እንዴት እንደሚጎዳ ከሁሉ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ፊቱ ያብረቀርቃል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሕመሙ ግን ውስጡ ነው።

መጀመሪያ ሻጩ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፦ አብዛኞቻችሁ ይህ ዕቃ አያስፈልጋችሁም። የፕሪአምፕሊፋየር ሥራ ሦስት ነው። ከየትኛው ማጫወቻ እንደምትሰሙ ያስመርጣችኋል፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ደካማ ሲግናልን ለፓወር አምፕሊፋየሩ እስኪበቃ ያጎላል። ቤታችሁ ያለው አምፕሊፋየር የቮሊዩም ቁልፍና የተለያዩ መሰኪያዎች ካሉት፣ ፕሪአምፑ እዚያው ውስጡ አለ። ሙዚቃችሁ ከስልክ ወይም ከሲዲ ማጫወቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሲግናሉ በራሱ ጠንካራ ነው፤ ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ገደማ ያወጣል። እላዩ ላይ ሌላ ያረጀ ሣጥን መጨመር ሌላ ኮሽታ መጨመር ነው። «ፕሪአምፕ ከሌለህ ሙዚቃ አልሰማህም» የሚለው ወሬ የሻጭ ወሬ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

በእርግጥ የሚያስፈልገው ማን ነው? አንደኛው ፓወር አምፕሊፋየር ብቻውን ያለው ሰው ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ቤቱ ሸክላ ያለው ሰው ነው። የተለመደው የሸክላ መርፌ የሚያወጣው ከ3 እስከ 6 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ከሲዲው ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ሲጫወት ደግሞ ያ ተገልብጦ መመለስ አለበት። ይህ ልኬት እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ አሜሪካኖቹ በአንድ መስፈርት አጽንተውታል። ይህን ሁሉ የሚሠራው በፕሪአምፑ ውስጥ ያለው «ፎኖ» የሚባለው ክፍል ነው። እርሱ ከሌለ ወይም ከታመመ፣ ሸክላው እንደ ትንኝ ድምፅ ይቀጥናል።

የእኛ ሀገር ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ፣ ካይፋና ፊሊፕስ ኢትዮጵያም ጭምር ባሳተሟቸው ሸክላዎች የአንድ ትውልድ ሙዚቃ ተቀርጾ ቀርቷል። ካሴት መጥቶ ሸክላውን ከገበያ አስወጣው፤ ማጫወቻው ተበላሸ፣ ተሸጠ፣ ለልዋጭ ሄደ። ሸክላው ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ ፈረንሳይ ውስጥ ሲወጣ ዓለም ያንን ሙዚቃ እንደ አዲስ አገኘው፤ የውጭ ሰብሳቢዎችም ዋናውን ሸክላ በዶላር ይፈልጉት ጀመር። እኛ ሸክላው በእጃችን እያለ የምናጫውትበት የለንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የአባቱን ሸክላ ለመስማት ብሎ የማይሠራ ፎኖ ያለው ሣጥን የተሸጠለት ሰው የከሰረው ብሩን ብቻ አይደለም። ሁለተኛ አይሞክርም፤ ሸክላው ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፣ ወይም ለደላላ ይሸጣል።

አሁን ወደ ሽያጩ። የተለመደው አሻሻጥ እንዲህ ነው፦ ሻጩ ስልኩን «ኦክስ» ላይ ይሰካል፣ አንድ ዘፈን ይለቃል፣ «ይኸው፣ ይሠራል» ይላል። ይህ ግማሽ ፈተና ነው። በኦክስ የገባ ሲግናል በፎኖው ክፍል አያልፍም። ልትገዙት የመጣችሁበት ክፍል ሳይነካ ብሩን ቆጥራችሁ ትወጣላችሁ። ቤት ደርሳችሁ መርፌውን ስታሳርፉ አንዱ ወገን ዝም ይላል። ስትደውሉ «ስትወስደው ይሠራ ነበር» ትባላላችሁ።

ከዚያ የስሙ ነገር አለ። ማራንትዝ 7 እ.ኤ.አ. ከ1958፣ ኳድ 33 ደግሞ ከ1967 ጀምሮ የተሠሩ፣ ዝናቸው የሚገባቸው ዕቃዎች ናቸው። ነገር ግን ዝናቸው አዲስ በነበሩ ጊዜ የተገኘ ነው። ውስጣቸው ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ከዓመታት ብዛት ይደርቃሉ፤ ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም አያርሳቸውም። «አንቲክ» ማለት በገበያ ቋንቋ «ውድ» ማለት ሆኗል፤ በጠጋኝ ቋንቋ ግን «ካፓሲተሩ የሚቀየር» ማለት ነው። የቅያሪው ወጪ ከዋጋው ላይ መቀነስ ሲገባው በተቃራኒው እንደ ክብር ይጨመርበታል።

ከስሙ ይልቅ ጀርባውን እዩ። እዚያ ላይ ስንት ቮልት ተጽፏል? የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት ነው። «ኦሪጅናል ጃፓን» የሚለው ውዳሴ ብዙ ጊዜ «ግድግዳ ላይ ከሰካኸው ይቃጠላል» ማለት እንደሆነ ማን ይነግራችኋል? ፕሪአምፕ የሚወስደው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ትራንስፎርመር ይበቃዋል፤ ይህ በራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ ሳይነገር መሸጡ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ዕቃ በቮልቱ ይስማማናል፤ የድሮዎቹ ግን ብዙዎቹ ክብ፣ ባለ 5 ቀዳዳ የሆነ መሰኪያ ስላላቸው መቀየሪያ ገመድ ይፈልጋሉ። ይህንንም ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት።

ፈተናው 15 ደቂቃ አይፈጅም። ቮልቱን አረጋግጡ። ምንም ሳይሰካበት ክፈቱትና ቮሊዩሙን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ፤ ወፍራም «እምምም» የሚል ድምፅ ካለ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች አርጅተው ሊሆን ይችላል። ቮሊዩሙን ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ትንሽ ኮሽታ አቧራ ነው፣ በማጽጃ ይድናል። ተጸድቶም የማይለቀው ኮሽታ ግን የባሰ ሕመም ምልክት ነው። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ስሙ፤ አንዱ ካነሰ የመግቢያ ገመዶቹን አቀያይሩ። ጉድለቱ ጎን ከቀየረ ችግሩ ከማጫወቻው ወይም ከገመዱ ነው፤ ካልቀየረ ከፕሪአምፑ ወዲህ ነው። ቴስተር ካላችሁ መውጫው ላይ ዲሲ ለኩ፤ ከጥቂት ሚሊቮልት አልፎ ወደ ቮልት ከተጠጋ ትታችሁት ሂዱ፣ ፓወር አምፕሊፋየራችሁንና ስፒከራችሁን ይዞባችሁ ይጠፋል። ሲከፈትና ሲዘጋ «ዱብ» ማለቱንም ተመልከቱ፤ መብራት ሄዶ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመጨረሻም ሸክላችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ በእውነተኛ ሸክላ ማጫወቻ ፎኖውን ስሙት። ይህን ሁሉ ስትሞክሩ ውድ ስፒከር አትጠቀሙ።

ሻጮች የሚሰጡት መልስ አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ሚዛናዊ አልሆንም። «ያገለገለ ዕቃ ነው፣ ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሁሉም እየሰካና እየነካካ ከሄደ መቼ እሸጣለሁ? አንዱ ወስዶ አበላሽቶ ቢመልስልኝስ?» ይላሉ። የመጨረሻው ስጋት እውነት ነው፣ ይገባኛልም። ለእርሱ መድኃኒቱ ግን ፊት ለፊት ተፈትኖ የሠራው ምን ምን እንደሆነ በአንድ ወረቀት መጻፍና ሁለቱም መፈረም ነው። ያ ወረቀት ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውን ሻጭም ይጠብቃል። ፈተናን የሚፈራ ሻጭ የሚጠብቀው ዕቃውን አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው።

«አይመለስም» የሚለው ጽሑፍም ሻጮች እንደሚያስቡት ሁሉን የሚዘጋ በር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ያን ዋስትና በስምምነት መቀነስ ይቻላል፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ግን ስምምነቱ አያድነውም። ያው ሕግ ገዢውም ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ከነጋዴ ስትገዙ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ጥራቱን ስላየ ወይም ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ለአንድ ፕሪአምፕ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ። ለዚህ ነው ክርክሩ ብሩ ከመቆጠሩ በፊት መደረግ ያለበት።

አንድ ሰው ግን ከዚህ ክርክር ተረስቷል፤ ጠጋኙ። በሰፈራችን ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ የነበሩ ቤቶች ብዙዎቹ ወደ ሞባይል ጥገና ዞረዋል። ካውያ ይዞ የድሮ አምፕሊፋየር የሚከፍት ሰው አሁንም አለ፤ የምንፈልገው ግን ዕቃው ቤታችን ገብቶ ዝም ካለ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። መጀመሪያ ጠጋኛችሁን እወቁ፣ ከዚያ እርሱ ሊያድነው የሚችለውን ዕቃ ግዙ። እንደ 4558 እና 5532 ያሉ በቀላሉ የሚገኙ አይሲዎችና ተራ ትራንዚስተሮች ያሉበት መካከለኛ ፕሪአምፕ፣ ዕቃው በማይገኝ ትልቅ ስም ይበልጣል። የቲዩብ ከሆነ ደግሞ ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስላለ ራሳችሁ አትንኩት። ጠጋኙን የጊዜውን ዋጋ ከፍላችሁ ወደ ሻጩ ይዛችሁት ሂዱ። በግ ስንገዛ አዋቂ ይዘን እንሄድ የለም እንዴ? ቤት ስንገዛስ? የወር ደመወዝ ለሚበላ ሣጥን ምን ያሳፍረናል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሻጮች፦ በማስታወቂያችሁ ላይ ሦስት ነገር ጨምሩ፤ ቮልቱን፣ የተጠገነ ነገር ካለ፣ እና «ፎኖው በሸክላ ተፈትኗል» ወይም «አልተፈተነም» የሚል። «አልተፈተነም» ማለት ነውር አይደለም፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ማድረግ ነው። ማስታወቂያ የምትለጥፉ የቻናል ባለቤቶች፦ እነዚህ ሦስቱ ያልተሞሉበትን አትለጥፉ፤ ከእያንዳንዱ ልጥፍ ገንዘብ ትቀበላላችሁና ድርሻችሁ ነው። ገዢዎች፦ ሻጩ ሶኬት ከከለከላችሁ ተከራክራችሁ ዋጋ አታስቀንሱ፤ አመስግናችሁ ውጡ። ርካሽ ሆኖ የማይሠራ ዕቃ ውድ ነው።

ይህ ደንብ በፕሪአምፕ ከተለመደ በፍሪጁም በስልኩም ይለመዳል። ካልሰኩ፣ ካልሰሙ፣ መግዛት የለም። «አይመለስም» ማለት ለሚወዱ ሻጮች መልሳችን ይህ ይሁን፦ እሺ፣ አይመለስ፤ ግን ሳንሰማው አይወጣም።