እንግዳው ተፋላሚ የራሱን ቋንቋ ይዞ ሲገባ፦ ስለ ቅይጥ የፍልሚያ ጨዋታዎችና ስለ ዋግ ተረቶች

ባለፈው ጥር፣ ከፃግብጂ ለትምህርት ወደ ሰቆጣ የመጣ የአጎቴን ልጅ ፕሌይስቴሽን ከሚያጫውት ቤት አገኘሁት። «ተከን» ይጫወት ነበር። አኩማ የተባለው ተፋላሚ እሳት የሚወረውረው በየትኞቹ ቁልፎች ቅደም ተከተል እንደሆነ ሳይደናቀፍ አስረዳኝ። ማታ ደግሞ አያታችን በኽምጣና ይነግሩን የነበረውን የቀበሮና የጅብ ተረት ጠየቅሁት። መነሻውን በአማርኛ ነገረኝና «ቀሪውን ረስቼዋለሁ» አለ። ይህ ጽሑፍ ልጁን ለመውቀስ የቀረበ አይደለም። የባዕድ ገጸ ባሕርይን እንዲህ በቃል የሚያስጠናው ምንድን ነው? ለእኛስ ተረቶች ምን ያስተምራል? የሚሉትን ለመመርመር ነው።

ከተለያዩ ሥራዎች የመጡ ገጸ ባሕርያትን በአንድ መድረክ የሚያፋልሙ ጨዋታዎች አዲስ አይደሉም። ኤስ ኤን ኬ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 «ዘ ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ»ን ሲያወጣ የቀደሙ ጨዋታዎቹን ጀግኖች በአንድ ውድድር አሰባስቧል። የኒንቴንዶው «ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ» አነሳስም ትምህርት አለው። ማሳሂሮ ሳኩራይና ሳቶሩ ኢዋታ ሙከራውን የጀመሩት ማንነት በሌላቸው ተፋላሚዎች ነበር። ሳኩራይ ግን ተጫዋቹ የሚያውቃቸው ገጸ ባሕርያት እንደሚያስፈልጉ በማመን የኩባንያውን የታወቁ ገጸ ባሕርያት በሙከራው ውስጥ አስገባ፤ ፈቃዱም የተገኘው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በ12 ተፋላሚዎች የወጣው ጨዋታ፣ በ2018 ወጥቶ እስከ 2021 በተስፋፋው እትሙ 89 ደርሷል።

የእነዚህ ጨዋታዎች ቁም ነገር ያለው ከብዛቱ ይልቅ በእንግዳ አቀባበላቸው ላይ ይመስለኛል። አኩማ የ«ተከን» ተወላጅ አይደለም፤ ከ«ስትሪት ፋይተር» የመጣ ነው። «ተከን 7» ሲቀበለው ግን የእሳት ውርወራውን፣ አዘላለሉንና የኃይል መለኪያውን አልነጠቀውም። የአገሬው ተፋላሚዎች በአንድ ሥርዓት ሲንቀሳቀሱ እርሱ በራሱ ሥርዓት ይፋለማል። እንግዳው አገሩን ሳይረሳ በሌላ ቤት ይኖራል ማለት ነው። የዋግ ተረት ወደ አማርኛ መጽሐፍ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ታሪኩ ይገባል፤ የኽምጣናው አነጋገር፣ የተራኪው ድምፅና የአድማጩ ምላሽ ከደጅ ይቀራሉ።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። የተረቶቻችን ጀግኖች በቡጢ አያሸንፉም፤ ቀበሮ ጅብን የምትረታው በብልሃት ነው። ስለዚህ የፍልሚያ ጨዋታ ጠባያቸውን ያበላሻል ይባላል። አደጋው እውነት ነው፤ ሆኖም የማይቀር አይደለም። በ«ስማሽ» የሚሸነፈው ጉልበቱ ያለቀበት ሳይሆን ከመድረኩ የተገፋው ነው። በዚያ መድረክ ላይ ተዋጊ ያልሆኑም አሉ። «ቪሌጀር» የተባለው ገጸ ባሕርይ የተወረወረበትን ነገር ኪሱ ከትቶ መልሶ ይወረውራል፤ ጅግሊፓፍ ደግሞ በዜማ ታስተኛለች። ብልሃት የጨዋታ ሕግ ሊሆን ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን የገጸ ባሕርዩ ጠባይ አስቀድሞ በዝርዝር መታወቅ አለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ድርሻውም የእኛ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው። ካነበብኳቸው የተረት ጥናቶች ብዙዎቹ ተረቱን በአማርኛ ተርጉመው በጭብጥ ይመድቡታል፤ ከዚያም በአባሪነት ያስቀምጡታል። የድምፅ ቅጂው በአጥኚው ስልክ ውስጥ ይቀራል፤ ስልኩ ሲበላሽም አብሮ ይጠፋል። ቀበሮዋ ስትገባ ምን ትላለች? ጅቡ ሲታለል ተራኪው ድምፁን እንዴት ይለውጣል? እነዚህን መልሶ የሚያገኝ የለም። ያለ እነርሱ ጨዋታ ቀርቶ ጥሩ የልጆች መጽሐፍ እንኳ ማዘጋጀት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። ማሪዮ በማን ፈቃድ ወደ መድረክ እንደሚወጣ ይታወቃል። በእኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን መብት ደንግጓል። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ተረት ግን አንድ አመንጪ የለውም። ስለዚህ ተራኪዋ እናት ቃላቸው ለምን እንደሚውል ሊነገራቸው፣ ስማቸው እንዲጠቀስ ወይም እንዳይጠቀስ ሊመርጡ፣ ገቢ ከተገኘም ማኅበረሰቡ የሚያገኘው ጥቅም አስቀድሞ በስምምነት ሊታወቅ ይገባል።

የማቀርበው አሳብ መጠነኛ ነው። ተረት የሚሰበስብ እያንዳንዱ አጥኚ ለዋና ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት የተሟላ መዝገብ ያዘጋጅ፦ የኽምጣናው ድምፅና ጽሑፍ፣ የአማርኛ ትርጉሙ፣ የገጸ ባሕርዩ ብልሃትና ድክመት፣ የተራኪው ፈቃድ። መዝገቡም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትና በዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች በቅጂ ይቀመጥ። በአዲስ አበባ «ቅኔ ጌምስ» የሠራቸው «ኩኩሉ»ና «ገበጣ» የአገር ቤት ነገር የስልክ ጨዋታ መሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ሠሪ አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ላይመጣም ይችላል። መዝገቡ ግን ሠሪን ሳይጠብቅ ይጠቅማል። የአጎቴ ልጅ የረሳውን የተረቱን መጨረሻ ዛሬ በፃግብጂ የሚያውቁት አያታችን ናቸው፤ እኔም እስከ አሁን አልቀረጽኳቸውም።