ኤምአርአይ ጠንቋይ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ ያለ ጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት አንጎል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሳነብ ደሜ ፈላ። የነርቭ ትስስራቸው ስለሚላላ ትምህርት ይከብዳቸዋል ብላችሁ በጅምላ ፈረዳችሁ። ልጄ የተወለደችው በ29 ሳምንቷ ነው፤ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት። ጽሑፉ በወጣ ሰሞን አስተማሪዋ ጠርታኝ፣ «ለመሆኑ ጭንቅላቷን ታይታ ታውቃለች?» አለችኝ። የልጄ ጥፋት ምን መሰላችሁ? ክፍል ውስጥ ማውራት!

ምርምሩን አልጠላም። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ከኢምፔሪያልና ከኦክስፎርድ ጋር የሠራውን የአራስ ሕፃናት ጥናት ውሰዱ። ሕፃኑ ጠብቶ ሲጠግብ ይጠቀለላል፣ የኤምአርአይ ማሽኑ ስለሚጮኽ ጆሮው ይሸፈናል፣ እንቅልፍ ሲወስደው ያለ ማደንዘዣ ይገባል። ማሽኑ በአንጎል ውስጥ ያለው ውሃ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለካል፤ የነርቭ ክሮቹ ከየት ወዴት እንደሚሄዱ የሚታወቀው ከዚያ ተነስቶ በስሌት ነው። ድንቅ ሥራ ነው። ውጤቱ ግን የብዙ ልጆች አማካይ ነው። አማካይ ልጄን አያውቃትም።

እናንተ ግን ባለ ቀለሙን የነርቭ ክሮች ምስል ከጽሑፉ ጋር ያለ አንዲት መስመር ማብራሪያ ለጠፋችሁት። ቀዩን ያየ ሁሉ ቁስል መሰለው። በእንዲህ ዓይነት ምስል ቀይ ማለት ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ክር ነው፤ አረንጓዴው ከፊት ወደ ኋላ፣ ሰማያዊው ከላይ ወደ ታች። በቃ።

«ሳይንስ የተናገረውን ልትክድ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ሳይንሱማ የሚለው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትና ወራቸውን ጨርሰው የተወለዱት ልጆች አማካይ ይለያያል ነው። ልጆቹ ግን ይደባለቃሉ፤ ቀድሞ ተወልዶ ክፍሉን የሚመራ አለ፣ ወሩን ጨርሶ ተወልዶ ፊደል የሚያስቸግረው አለ። አሁንም እደግመዋለሁ፦ አማካይ የማንም ልጅ ውጤት አይደለም።

ስለ እነዚህ ልጆች ከተቆረቆራችሁ ክትትል የታለ ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ከሆስፒታል ስንወጣ የተቀጠርነው ለክብደትና ለክትባት ነው። ስትናገር ቃላት ታያይዛለች ወይ፣ እርሳስ እንዴት ትይዛለች ብሎ የጠየቀን የለም። ሕፃኗን ደረት ላይ አድርጎ በማሞቅ በሚሰጠው የካንጋሮ እንክብካቤ ጊዜም «አባት አይገባም» ተብዬ ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ፤ የአባት ደረት አይሞቅ ይመስል!

ለማንኛውም ማስተካከያውን በሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ፤ ጽሑፉ የወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን።

ከአንድ አባት፣ አዲስ አበባ