ከጊታሩ ጀርባ መሐንዲስ ነበረ፤ ከክራሩ ጀርባስ?

ስለ ታላላቅ የጊታር ተጫዋቾች በተነሳ ቁጥር ወጣቶቻችን በአብዛኛው የሚያወሱት ተሰጥዖን ነው። «እጁ የተባረከ ነው» ይባላል፤ ወሬውም በዚያው ያበቃል። ተሰጥዖ መኖሩን እኛም አንክድም። ነገር ግን ያ የተባረከ እጅ የሚነካው መሣሪያ ከየት መጣ? ማን አሰበው? ማንስ ለካው? ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ዓለምን የገዛው በተጫዋቾቹ ብርታት ብቻ ሳይሆን በሳይንስ ሰዎች ድጋፍም ጭምር ነው። የእኛ ክራርና መሰንቆ ግን ተጫዋች ሞልቷቸው መሐንዲስ አጥተዋል። ይህን ጉድለት የመሙላት ኃላፊነት ደግሞ ከማንም በፊት የሚወድቀው በሳይንስ ተማሪዎች ትከሻ ላይ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንድሪክስና የባሕር ኃይሉ ባለሙያ

ጂሚ ሄንድሪክስ በ1942 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ተወለደ። በ1966 ወደ ለንደን ተሻግሮ ስሙ ገነነ፤ በመስከረም 1970 በ27 ዓመቱ አረፈ። በዓለም መድረክ ዝነኛ ሆኖ የቆየው አራት ዓመት ብቻ ነው። ግራኝ በመሆኑ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር ገልብጦ ይይዝ ነበር። በዚህ ጊታር ላይ ከበርኩማው አጠገብ ያለው ፒክአፕ ሰያፍ ሆኖ የተገጠመ ስለሆነ፣ ጊታሩ ሲገለበጥ ቀጭኖቹና ወፍራሞቹ ክሮች ድምፃቸውን የሚሰጡበት ነጥብ ይለዋወጣል። ከጊታሩ ቀጥሎ በእግር የሚነካው ዋህ-ዋህ፣ ሞገዱን ቆርጦ ድምፁን የሚያሻክረው ፈዝ ፌስ፣ በመጨረሻም ማርሻል የተባለው ኃይለኛ ማጉያ ይገኙ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ለእኛ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠን ኦክታቪያ የተባለችው ትንሽ ሣጥን ናት። የሠራት ሮጀር ሜየር ሙዚቀኛ አልነበረም። በብሪታንያ ባሕር ኃይል ሥር ስለ ድምፅና ስለ ንዝረት ይመራመር የነበረ ባለሙያ ነው። ሥራዋ በመሠረቱ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የምንማረው የሙሉ ሞገድ ሬክቲፋየር ነው። ወደ ታች የሚወርደው ግማሽ ሞገድ ወደ ላይ ሲገለበጥ ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል፤ ጆሮም አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ድምፅ ይሰማል። ሄንድሪክስ በ1967 በዚህች ሣጥን ሲቀዳ ሰሚው የአስማት ያህል ተደነቀ። ከአስማቱ ጀርባ የነበረው ግን ዳዮድና ትራንስፎርመር ነበር።

በዋልያ የተሰየሙት ባንዶች

የሮክና የሶል ጊታር ወደ አገራችን ሲገባም ታላላቅ እጆችን አግኝቷል። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከገነኑት ባንዶች መካከል ሁለቱ ዋልያስና አይቤክስ ይባሉ ነበር። ሁለቱም ስሞች ከስሜን ተራሮቻችን በቀር በዱር የትም የማይገኘውን ዋልያን ያስታውሱናል። አይቤክስ በራስ ሆቴል ይጫወት ነበር። ማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ»ን በ1975 የቀዳው ከዚህ ባንድ ጋር ሲሆን፣ ሥራው በ1986 በቤልጂየም ዳግም ታትሞ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለአውሮፓ አድማጭ አስተዋውቋል። የአይቤክስ ጊታር ተጫዋች ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ነበሩ። ባንዱ በኋላ ሮሃ የሚለውን ስም ይዞ በቀጠለበት የካሴት ዘመንም የብዙ ድምፃውያንን አልበሞች በጊታራቸው አጅበዋል። አንዳንዶች «የኢትዮጵያ ሄንድሪክስ» እያሉ ይጠሯቸዋል።

ይህ ቅጽል ክብር ቢሆንም ሥራቸውን በሙሉ አይገልጽም። ሄንድሪክስ የተጫወተው ጊታሩ የተሠራለትን ሙዚቃ ነው። ሰላም ሥዩምና የዘመን ጓደኞቻቸው ግን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለሌላ ሙዚቃ በተሠራ መሣሪያ ላይ ማኖር ነበረባቸው። የጊታር አንገት በፍሬት የተከፋፈለ ነው። ጣት የትም ቢያርፍ የሚሰማው ድምፅ ፋብሪካው አስቀድሞ የወሰነው ነው። ተጫዋቹ ከዚህ አጥር የሚወጣበት ዋናው መንገድ ክሩን ወደ ጎን መሳብ ነው፤ ሲሳብ ውጥረቱ ስለሚጨምር ድምፁ በሁለት ፍሬቶች መካከል ይንሳፈፋል። እንግዲህ ከባዕድ መሣሪያ የራስን ዜማ ለማውጣት ይህን ያህል የደከመ ትውልድ ካለን፣ የራሳችንን መሣሪያ ለዘመኑ መድረክ ለማብቃት ምን ያህል ደክመናል?

ጊታርም ደካማ ነበረ

የኤሌክትሪክ ጊታር የተወለደው ከሽንፈት ነው። በ1920ዎቹ በነበሩት የጭፈራ ኦርኬስትራዎች ውስጥ የጊታር ድምፅ በጥሩምባና በከበሮ ተውጦ አይሰማም ነበር። በ1931 ጆርጅ ቦቻምፕና አዶልፍ ሪከንባከር በአሜሪካ መፍትሔውን አመጡ። መሠረቱ ማይክል ፋራዳይ በ1831፣ ማለትም ከመቶ ዓመት በፊት፣ ያገኘው ሕግ ነበር። የብረት ክር በማግኔት አጠገብ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፤ መስኩ ሲናወጥ በማግኔቱ ዙሪያ በብዙ ሺህ ጊዜ በተጠመጠመው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል። ክሩ በሰከንድ 110 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ኤሌክትሪኩም 110 ጊዜ ይመላለሳል። የቀረው ማጉላት ብቻ ነው። ፌንደር ስትራቶካስተር በ1954 ለገበያ ሲቀርብ ይህ ጥበብ ከሃያ ዓመት በላይ ተፈትኖ ነበር።

ዛሬ በየአዝማሪ ቤቱ የምናየው መሰንቆ በ1920ዎቹ የነበረውን ጊታር ይመስላል። ድምፁ በኪቦርዱና በድምፅ ማጉያው ይዋጣል። ማይክሮፎን ቢጠጉበት ማይክሮፎኑ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ይጮኻል። ባለቤቱም ሲሰለቸው «ኪቦርድ ይሻላል» ይላል። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው በቡርቧክስ የአዝማሪነት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ልጁ መሰንቆውን የሚያነሳው ግን እንጀራ እስከሰጠው ድረስ ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ድምፅ መሰማትና አለመሰማት የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ለምን የጊታሩ መፍትሔ አይበቃንም?

የጊታር ፒክአፕ የሚሠራው ለብረት ክር ብቻ ነው። የመሰንቆ አውታር የፈረስ ጭራ ነው፤ የክራር አውታር ደግሞ ቀድሞ ጅማት፣ አሁን በብዛት ናይለን ነው። ማግኔት አንዳቸውንም አይሰማም። ለእነዚህ የሚስማማው በ1880 ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ የደረሱበት የፒየዞ ኤሌክትሪክ ጥበብ ነው። አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። በሚጮኹ የእጅ ሰዓቶችና በመጫወቻ ዕቃዎች ውስጥ ያለችው ቀጭን ክብ ሰሌዳ የዚሁ ዓይነት ናት፤ ከክራሩ በርኩማ ሥር ብትለጠፍ ንዝረቱን ትሰማለች።

ይህን የሞከሩ አሉ፤ ብዙዎቹም «ድምፁ ቆርቆሮ ይመስላል» ብለው ትተውታል። ምክንያቱን ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሊያሰላው ይችላል። ሰሌዳዋ 20 ናኖፋራድ ገደማ አቅም ያላት ካፓሲተር ናት እንበል። የመግቢያ ተቃውሞው 10 ኪሎኦም ከሆነ ማቀላቀያ ጋር በቀጥታ ብትገናኝ፣ ከ800 ሄርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ መዳከም ይጀምራል። በ220 ሄርዝ የተቃኘ አውታር ዋና ድምፁ የት እንደሚቀር አንባቢ ይፍረድ። በመካከላቸው 1 ሜጋኦም የመግቢያ ተቃውሞ ያለው፣ በአንድ ትራንዚስተርና በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ሰርኪዩት ቢገባ ወሰኑ ወደ 8 ሄርዝ ይወርዳል፤ የክራሩም ሆድ ይመለሳል። እንግዲህ «ክራር ለኤሌክትሪክ አይሆንም» የተባለው ጥቂት የሰርኪዩት ዕቃዎች ስለጎደሉ ነበር ማለት ነው።

ፍሬትና ቅኝት

ከድምፅ መጉላት የበለጠ የሚያሳስበን የቅኝት ጉዳይ ነው። ኪቦርድና ጊታር አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍሉታል፤ እያንዳንዱ ደረጃ የቀደመውን በ1.0595 ገደማ ያበዛዋል። መነሻችን 220 ሄርዝ ቢሆን የትዝታ ሦስተኛ ድምፅ በኪቦርድ 277.2 ሄርዝ ይሆናል። በተፈጥሮ የ5 ለ4 ዝምድና የሚቃኝ ጆሮ ግን 275 ሄርዝን ይመርጣል። ቀጣዩ ድምፅ በኪቦርድ 329.6፣ በ3 ለ2 ዝምድና 330 ነው። የሁለተኛው ልዩነት የማይሰማ ያህል ትንሽ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሁለቱ ድምፆች አብረው ሲሰሙ በሰከንድ ከሁለት ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ነው። ክራር ተጫዋች በጆሮው ሲቃኝ፣ የመሰንቆ ተጫዋችም አንገቱን ሳይጫን ጣቱን በጭራው ላይ ሲያንሸራትት ከሁለቱ በአንዱ ወይም በሌላ በራሱ ቦታ ላይ ያርፋል። ልጆቻችን ያደጉት በኪቦርድ ብቻ ከሆነ ግን ያ ቦታ ሳይለካና ሳይመዘገብ ከጆሯቸው ይጠፋል።

ሁለት ተቃውሞዎች

«ባህል አይነካ» የሚሉ አሉ። እኛም ባህል እንዲፈርስ አንሻም። ሆኖም ክራር ጅማቱን በናይለን ሲተካ ክራርነቱን አልተወም። ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም በነበሩበት ጊዜ ክራርን በማዘመን ላይ ሠርተዋል። በለንደን ተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭም ክራርን በማጉያ አስደምጧል። መንገዱ ተከፍቷል፤ የተከፈተው ግን ከአገር ውጭ መሆኑ ሊቆጨን ይገባል።

«ድሃ አገር ስለ ክራር ከምታስብ ስለ ዳቦ ታስብ» የሚሉም አይጠፉም። መልሳችን አጭር ነው። ፒየዞ ሰሌዳና ትራንዚስተር የአንድ ማስተማሪያ መጽሐፍ ዋጋ አያወጡም፤ በዚህ ሥራ ላይ ሞገድን፣ ካፓሲተርንና ሬክቲፋየርን በእጁ ነክቶ ያወቀ ተማሪ ደግሞ ነገ የሆስፒታል መሣሪያ ይጠግናል። ትምህርቱ አንድ ነው።

ከቁስቋም ኮረብታ ሥር

እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከጎንደር በላይ ቆሟል። በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚያው በእቴጌይቱ ግቢ ተቀምጦ ነበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የክራርና የበገና ዘመድ የሆነውን ባለአውታር መሣሪያና ሌሎችንም የሚገልጽ ደብዳቤ ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ቻርልስ በርኒ ላከ፤ በርኒም በ1776 በመጽሐፉ አሳተመው። አንድ እንግዳ ከ250 ዓመታት በፊት ያየውንና የሰማውን ጻፈ። በዚያው ኮረብታ ሥር የምንማር እኛስ?

በእኛ እምነት ሥራው ከሦስት ነገሮች ቢጀመር ይበቃል። አንደኛ፣ የፊዚክስና የኮምፒዩተር ተማሪዎች በእጅ ስልክ ጭምር በሚሠራ የድግግሞሽ መለኪያ የአንጋፋ ተጫዋቾችን ቅኝት በሄርዝ ይመዝግቡ፤ የተጫዋቹ ስም ከውጤቱ ጋር ይጻፍ፤ ለጊዜውም ይከፈለው። ሁለተኛ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች ቆዳውን፣ ጭራውንና እንጨቱን ያጥኑ። በክረምት የመሰንቆው ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፤ ተጫዋቹ ከእሳት አጠገብ የሚያሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። እርጥበት የሚቋቋም ቀለም ወይም ቅባት ማግኘት የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የፒየዞው ሰርኪዩት ተሠርቶ በቤተ ሙከራ ሳይሆን በአዝማሪ ቤት ይፈተን፤ ፈራጁም አዝማሪው ይሁን።

ሮጀር ሜየር ሣጥኑን ለሄንድሪክስ ይዞለት ሲሄድ ጊታር መምታት አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው የሚያውቀውን ሳይንስ ይዞ ወደ ተጫዋቹ እንዲቀርብ ብቻ ነበር። ከእኛ የሚጠበቀውም ከዚህ አይበልጥም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ የክረምት ዕረፍት ከእናንተ መካከል አንዱ እንኳ አንድ ክራር ለክቶ የስድስቱን አውታሮች ቁጥር ቢያመጣልን፣ ይህ ጽሑፍ ድካሙን አግኝቷል እንላለን።