ሁለተኛው እርማት

አንዲት ወዳጄ በአፍንጫዋ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ጥገና ለማስደረግ አስባ ምክር ጠየቀችኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የጽሑፍ አራሚ ነኝ።

«መቼ ይሻላል?» አለች። ሐኪሞች ቢያንስ 1 ዓመት መጠበቅን ይመክራሉ፤ እብጠቱ፣ በተለይ የአፍንጫው ጫፍ ላይ ያለው፣ ቶሎ አይጠፋምና። «ከምን ይሠሩታል?» የመሐል ግድግዳው ለስላሳ አጥንት በመጀመሪያው ጊዜ ተወስዶ ካለቀ፣ ከጆሮ ወይም ከጎድን ይወስዳሉ። ጠባሳውም ሥራውን ያከብደዋል።

«የድሮው አፍንጫዬ ይመለስልኛል?» ስትል ግን ዝም አልኩ። እኔ የሰረዝኩትን ዐረፍተ ነገር ከቅርጫት አንሥቼ መልሼ አነብበዋለሁ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ በእጄ ነው። እርሷ ያላት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሰልካካ አፍንጫን ስናሞግስ የኖርን እኛም (ዘፈኑንም ግጥሙንም ይጨምራል) የዕዳው ተካፋዮች ነን።

መተንፈስ ካቃታት ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ስለ መልክ ከሆነ ግን ዓመቱን ትጠብቅ እላለሁ። ከዚያም ሐኪሙን «ምን ያስተካክላሉ?» ከማለቷ በፊት «ምኑን ማስተካከል አይችሉም?» ብላ ትጠይቅ።

ትናንት ደወለችልኝ። 7ኛ ወሯን ይዛለች። «መተንፈሱስ ደኅና ነው» አለችኝ፤ ቀጥላም አብረን የተነሣነውን የድሮ ፎቶግራፍ እንድልክላት ለመነችኝ።