ከግንባታ በኋላ የመጣ ፈቃድ፦ ከግልገል ጊቤ ሦስት የሚወሰድ ትምህርት

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሥልጣን ካለው አካል ፈቃድ ሳያገኝ ትግበራው እንዳይጀመር በግልጽ ይከለክላል። የክልከላው መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ግምገማ ውሳኔን ሊመራ የሚችለው ውሳኔው ገና ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ ብቻ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ምን እንደሚከተል ያሳያል።

የግድቡ ግንባታ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን የያኔው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የተፅዕኖ ግምገማ ሰነዱን ያጸደቀው በ2000 ዓ.ም. ነው። ሰነዱ ሲጸድቅ ቦታው ተመርጧል፣ ውል ታስሯል፣ ሥራውም ተጀምሯል። በዚህ ደረጃ የሚቀርብ ግምገማ ግድቡ ይሠራ ወይስ አይሠራ፣ እዚህ ይሁን ወይስ ሌላ ቦታ የሚሉትን ጥያቄዎች በቁም ነገር ሊመረምር አይችልም፤ የሚቀረው የጉዳት ማቅለያ መዘርዘር ብቻ ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ጉዳዩ ግን የሥነ ሥርዓት ብቻ አይደለም። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ካሮ፣ ክዌጉ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ኑሯቸውን ከወንዙ ዓመታዊ ሙላት ጋር አስተሳስረው ኖረዋል። ወንዙ በክረምት ዳርቻውን ያለብሳል፤ ውኃው ሲመለስ በተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘራል፣ ሣሩም ለከብት ግጦሽ ይሆናል። ዝናብ በማይታመንበት በዚያ ቆላ የወንዙ ሙላት የእህል ዋስትና ነው። የግምገማ ሰነዱ ይህን በመረዳት በየዓመቱ ከግድቡ ቁጥጥር የሚደረግበት ጎርፍ እንደሚለቀቅ አመልክቶ ነበር። ይሁን እንጂ ግድቡ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ውኃ መያዝ ሲጀምር ማኅበረሰቦቹ የለመዱት ሙላት ቀረ።

የግድቡ ደጋፊዎች ሁለት ጠንካራ ነጥቦችን ያነሣሉ። የመጀመሪያው 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ብዙ ሕዝቧ መብራት ላላገኘ አገር ቅንጦት አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው የወንዙ ሙላት ሁልጊዜ በረከት አለመሆኑ ነው፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ በዳሰነች የበርካታ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን የግድቡን ጥቅም እንጂ የፈቃዱን መዘግየት አያስረዱም። እንዲያውም አጥፊውን ጎርፍ ከአልሚው መለየት የሚቻለው ከወንዙ ጋር የኖረው ሕዝብ ንድፉ ሳይቋጭ ሲጠየቅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ የሰጠው ሐሳብ የማቅረብ መብትም ትርጉም የሚኖረው ሐሳቡ አንድ ነገር ሊለውጥ በሚችልበት ሰዓት ነው።

ሌላም ክፍተት አለ። አዋጁ ከግምገማው በኋላ ያልታሰበ ከባድ ሁኔታ ሲከሰት ጥናቱ እንዲከለስ ወይም እንደገና እንዲሠራ ማዘዝ ይፈቅዳል። ከግድቡ በታች ሰፊ መስኖ የሚፈልገው የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት የመጣው የግድቡ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ነው። ግድቡ የወንዙን የፍሰት ጊዜ ይቀይራል፤ መስኖው መጠኑን ይቀንሳል። ሁለቱን ለየብቻ የመዘነ ጥናት ከሁለቱ በታች የሚኖረውን ሰው አልመዘነም።

እንግዲህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የግንባታ ውል መፈረም ራሱ እንደ ትግበራ ጅማሬ ተቆጥሮ ከፈቃድ በፊት ሊከለከል ይገባል። እንደ ጎርፍ መልቀቅ ያሉ ግዴታዎች መጠናቸው፣ ወቅታቸውና የቆይታ ጊዜያቸው ተለይቶ የፈቃዱ አካል ሊሆኑ፣ አፈጻጸማቸውም በአካባቢው ቋንቋዎች ለሕዝብ ሊገለጽ ይገባል። በአንድ ተፋሰስ ላይ የሚታቀዱ ሥራዎችም በአንድነት ሊገመገሙ ይገባል። ከጊቤ ሦስት በታች፣ በዚያው ወንዝ ላይ፣ የኮይሻ ግድብ እየተገነባ ነው። ለጊቤ ሦስት የዘገየው ጥያቄ ለኮይሻ የውኃ አለቃቀቅ ገና አልዘገየም።