መርከብ ለአንድ ቀን መልሕቅ ሲጥል



በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ላለችው ለቦራ ቦራ ይህን እትም ለምን እንደ ሰጠን መግለጽ ይገባናል። የመዝናኛ መርከቦች ግዝፈት ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ በሄደበት በዚህ ዘመን፥ ዐሥር ሺሕ ያህል ነዋሪ ብቻ ያላት ይህች የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴት፥ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በመርከብ የሚመጣባትን መንገደኛ በቀን ከ1,200 እንዳይበልጥ ወስናለች። አንዳንዶች ይህን ንፍገት ይሉታል፤ እኛ ግን አስተናጋጅ እንደ ቤቱ ስፋት ቢጋብዝ ነውሩ አይታየንም።

727 ሜትር ከፍታ ያለው የኦቴማኑ ተራራ የቆመባትን ይህችን ደሴት የኮራል ቅጥር ከቦ ስለሚጠብቃት፥ ትልቅ መርከብ የሚያልፍበት በር ቴአቫኑይ የሚባለው አንዱ ብቻ ነው፤ በዚያ የገባውም መርከብ ከወደቡ ሳይጠጋ በጸጥተኛው ውኃ ላይ መልሕቁን ይጥልና፥ መንገደኞቹ በትንንሽ ጀልባዎች ወደ ቫይታፔ መንደር ይሻገራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥድፊያ ነው፦ ፎቶግራፍ፥ ዋና፥ ባለአበባ ጨርቅ፥ ዳግመኛም ጀልባ። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሰፍሮ ከኮረብታዎቹ ላይ የተከላቸውን፥ ዛሬም በቁጥቋጦ መካከል ዝገው የቆሙትን መድፎች ለማየት ጊዜ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው።

በሚቀጥሉት ገጾች አንባቢ የደሴቲቱን ታሪክ፥ የኮራሉን አፈጣጠርና የእንግዳን ሥርዓት ያገኛል። ጉዞ ያሰባችሁ ግን ከሥዕሎቹ በፊት ስለ መድፎቹ የተጻፈውን እንድታነቡልን በትሕትና እንለምናለን።

አዘጋጁ